«ጥናት ያሳያል» ሲባል ምን ብለን እንጠይቅ?
የጥናት ጽሑፎች እንዴት እንደሚወለዱ፣ እንዴት ስም እንደሚያወጡና እንዴት እንደሚረሱ



ወደ እስራኤል ከገባን ወዲህ በየሄድንበት ከሚያጋጥሙን ቃላት አንዱ «ጥናት» የሚለው ነው። በኩፓት ሆሊም ሐኪሙ «ጥናቶች እንደሚያሳዩት» ብሎ ስለ መድኃኒቱ ያስረዳናል። በወላጆች ስብሰባ ላይ መምህርቷ «በጥናት ተረጋግጧል» ብላ ስለ ልጆቻችን ትመክረናለች። ሬዲዮውም ቴሌቪዥኑም እንዲሁ ይላል። ለባግሩት የሚዘጋጁት ልጆቻችን ደግሞ የጽሑፍ ሥራ ሲሰጣቸው «መኮሮት» እንዲያመጡ ይታዘዛሉ። መኮሮት ማለት ምንጮች ማለት ነው። ዕብራይስጡም እንደ አማርኛው ለውሃ ምንጭና ለነገር ምንጭ አንድ ቃል ይጠቀማል።

ጥናት በዕብራይስጥ «መሕቃር» ይባላል። ቃሉን የሰማ ሰው ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ «ሊቃውንት ካሉ ምን አውቃለሁ» ብሎ ዝም ይላል፤ ወይም «ዛሬ አንድ ይላሉ፣ ነገ ሌላ ይላሉ» ብሎ ሁሉንም ይተዋል። ሁለቱም ይጎዳል። ልጅን ስለ ማስከተብ፣ መድኃኒት ስለ መጀመርና ስለ ማቆም፣ ስለ ልጅ ትምህርት የምንወስነው ውሳኔ በዚህ ላይ የተንጠለጠለ ነውና። ስለዚህ የጥናት ጽሑፍ እንዴት እንደሚታመንና እንዴት እንደሚረሳ ማወቅ የዩኒቨርስቲ ሰዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የጽሑፎች የዘር ሐረግ

በማኅበረሰባችን ጋብቻ ከመፈጸሙ በፊት እስከ ሰባት ትውልድ ዘር ይቆጠራል። ልጅ አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን እየጠራ ወደ ኋላ ይሄዳል። ቅድመ አያት ግን ገና ያልተወለደውን ልጅ ስም ሊጠራ አይችልም። ስም መጥራት ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ፣ ከአዲሱ ወደ ቀድሞው ነው።

የጥናት ጽሑፍም እንዲሁ ነው። አንድ ተመራማሪ አዲስ ነገር ሲያገኝ ያገኘውን በጽሑፍ ያዘጋጃል። ይህ በዕብራይስጥ «ማአማር» የሚባለው ነው። ብዙውን ጊዜ በሙያው መጽሔት ላይ ከመውጣቱ በፊት ሌሎች የሙያው ሰዎች ይመረምሩታል። ጸሐፊው በመጨረሻው ገጽ ላይ ከእሱ በፊት የታተሙትን፣ የተደገፈባቸውንም የተከራከራቸውንም ጽሑፎች በዝርዝር ያሰፍራል። ይህ መጥቀስ ይባላል። ነገ ሌላ ሰው ተነሥቶ የእሱን ጽሑፍ ይጠቅሳል፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ ሌላ ይመጣል። በዚህ ዓይነት ጽሑፎቹ ሁሉ እርስ በርሳቸው ተያይዘው እንደ ትልቅ መረብ ይሆናሉ። መረቡ በየቀኑ ይሰፋል፤ የሚሰፋው ግን አዲስ ጽሑፍ በመጨመር ብቻ ነው። የታተመ ጽሑፍ ተመልሶ በዝርዝሩ ላይ አዲስ ስም አይጨምርም።

ከዘር ቆጠራ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። አባቱን የሚመርጥ ሰው የለም። ጸሐፊ ግን የሚጠቅሳቸውን ራሱ ይመርጣል። ማንን እንደሚመርጥና ማንን እንደሚተው ሲቆጠር ነው ብዙ ነገር የተገለጠው።

በየአሥር ዓመቱ የተቆለሉ ጥራዞች

ይህን መቁጠር ከጀመሩት ሰዎች መካከል በ1922 በእንግሊዝ አገር የተወለዱት ዴሪክ ዴ ሶላ ፕራይስ ይገኛሉ። በ1940ዎቹ መጨረሻ ላይ በሲንጋፖር በራፍልስ ኮሌጅ ሒሳብ ያስተምሩ ነበር። የኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ገና በመሠራት ላይ ስለነበረ ከ1665 ጀምሮ የሚታተመው የለንደን ሮያል ሶሳይቲ መጽሔት ጥራዞች በእሳቸው ቤት ተቀመጡ። ፕራይስም ጥራዞቹን በየአሥር ዓመት እየለዩ በግድግዳው ሥር ቆለሏቸው። የክምሮቹን ከፍታ ቢመለከቱ፣ መጀመሪያ ዝቅ ብሎ ይቆይና ከዚያ እየፈጠነ ሽቅብ ይወጣል። ወለድ ወለድን እየወለደ እንደሚያድግ ገንዘብ ማለት ነው።

ፕራይስ ኋላ በአሜሪካ የየል ዩኒቨርስቲ ፕሮፌሰር ሆኑ። በ1963 ባሳተሙት መጽሐፍ የሳይንስ ጽሑፍ ብዛት በየ10 እስከ 15 ዓመቱ እጥፍ እንደሚሆን አስረዱ። በ1965 ደግሞ «ሳይንስ» በተባለው የአሜሪካ መጽሔት ላይ የጥናት ጽሑፎችን መረብ የሚመለከት ጽሑፍ አወጡ። አንድ ጽሑፍ በአማካይ 15 ያህል ሌሎችን ይጠቅሳል አሉ። እጅግ የሚያስገርመው ግን የሚቀጥለው ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ፣ እስከዚያ ከታተሙት ጽሑፎች ሁሉ 35 በመቶ ያህሉን ማንም አይጠቅሳቸውም። 49 በመቶ ያህሉ አንድ ጊዜ ብቻ ይጠቀሳሉ። ከአንድ ጊዜ በላይ የሚጠሩት እንግዲህ ከመቶ 16 ያህሉ ብቻ ናቸው።

በዶሮ ቤት የተጀመረው መዝገብ

ፕራይስ የቆጠሩት ከየት ባገኙት መዝገብ ነው? መዝገቡን ያዘጋጁት ዩጂን ጋርፊልድ በ1925 በኒው ዮርክ ከተማ በብሮንክስ ሰፈር ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለዱ ሰው ናቸው። ሐሳባቸው ከጠበቆች የመጣ ነው። በአሜሪካ ከ1873 ጀምሮ ጠበቆች የሚገለገሉበት አንድ መዝገብ ነበረ። ጠበቃው አንድን የፍርድ ውሳኔ ይዞ ወደ ዳኛ ከመቅረቡ በፊት መዝገቡን ይገልጣል። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ዳኞች ውሳኔውን አጽንተውት እንደሆነ ወይም ሽረውት እንደሆነ ያገኛል። የተሻረ ፍርድ ይዞ መከራከር ያሳፍራልና።

ጋርፊልድ «ለሳይንስስ እንዲህ ያለ መዝገብ ለምን አይኖርም?» ብለው በ1955 ሐሳባቸውን ጽፈው አሳተሙ። ድርጅታቸውን የጀመሩት በኒው ጀርሲ፣ ቀድሞ የዶሮ ቤት በነበረ ክፍል ውስጥ ነው። በ1964 የመጀመሪያው ትልቅ መዝገብ በአምስት ጥራዝ ታተመ። 613 መጽሔቶችንና 1.4 ሚሊዮን ጥቅሶችን የያዘ ነበር።

የመዝገቡ ጥቅም ምንድን ነው? አንድ ጽሑፍ በራሱ የሚነግረን አባቶቹን ብቻ ነው። መዝገቡ ግን ልጆቹን ይነግረናል። የዛሬ ሃያ ዓመት የተጻፈውን ጽሑፍ ከዚያ ወዲህ ማን ጠቀሰው፣ ማን አጸናው፣ ማን አፈረሰው የሚለውን ማየት ይቻላል። ጋርፊልድ በ2017 አረፉ። ከ2004 ጀምሮ ጎግል ስኮላር የተባለው መፈለጊያ ይህንኑ አገልግሎት በኮምፒውተርና በስልክ ያለ ክፍያ ይሰጣል። በአንድ ጽሑፍ ሥር ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ ይጽፋል፤ ቁጥሩን ሲጫኑት የጠቀሱትን ይዘረዝራል።

ላለው ይጨመርለታል

እንግዳ የሆነ ሰው ወደማያውቀው ገበያ ሲገባ ብዙ ሰው ወደ ተሰበሰበበት ሻጭ ይሄዳል። እሱ ሲቆም ደግሞ የሰዉ ብዛት በአንድ ይጨምራል፤ ኋላ የሚመጣውም ያንኑ አይቶ ይሳባል። ከጎን ያለው ሻጭ የተሻለ በርበሬ ይዞ ብቻውን ሊቀመጥ ይችላል።

በጥናት ጽሑፎችም ላይ ይህ ይደርሳል። ስመ ጥር የሆነ ሰው የበለጠ እንደሚመሰገን ሮበርት መርተን የተባሉት የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪ በ1968 ጻፉ። ፕራይስ በ1976 ነገሩን በሒሳብ አስቀመጡት። ብዙ ጊዜ የተጠቀሰ ጽሑፍ ደግሞ እንደገና የመጠቀስ ዕድሉ ይበልጣል፤ ምክንያቱም አዲስ ጸሐፊ ምንጭ ሲፈልግ በሌሎች ጽሑፎች መጨረሻ ላይ ደጋግሞ የሚያገኘው እሱኑ ነው። በ1999 አልበርት ላስሎ ባራባሺና ሬካ አልበርት ይኸው ሕግ በሌሎች መረቦች ውስጥም እንደሚሠራ አሳዩ።

ይህ ማለት ግን ብዙ የተጠቀሰ ሁሉ ከንቱ ዝና ነው ማለት አይደለም። በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ጊዜ ከተጠቀሱት ሁሉ ቀዳሚው ኦሊቨር ላውሪና ጓደኞቻቸው በ1951 ያሳተሙት ጽሑፍ ነው። እስከ 2014 ድረስ ከ300,000 ጊዜ በላይ ተጠቅሷል። የያዘው ታላቅ ምሥጢር እንዳይመስልዎ፤ በአንድ ፈሳሽ ውስጥ ምን ያህል ፕሮቲን እንዳለ የሚለካበትን ዘዴ ነው። ቤት ለቤት የሚዋዋሱት ጥሩ መስፈሪያ እንደ ማለት ነው። ስለዚህ ቁጥሩ የሚነግረን ጽሑፉ ምን ያህል እንደተፈለገ ነው። ምን ያህል ታላቅ እንደሆነ አይነግረንም።

ለምን ይረሳሉ?

በ1960 ሮበርት በርተንና ሪቻርድ ኬብለር የተባሉ ሁለት ሰዎች የጽሑፎችን «ግማሽ ዕድሜ» ለኩ። በአንድ ሙያ ውስጥ በዚያ ሰሞን ከሚጠቀሱት ጽሑፎች ግማሾቹ በስንት ዓመት ውስጥ የታተሙ ናቸው ብለው ጠየቁ ማለት ነው። በፊዚክስ 4.6 ዓመት ሆነ። በሒሳብ 10.5 ዓመት ሆነ። ይህም የፊዚክስ ሰዎች ዓይናቸውን ከአዲሱ ላይ እንደማያነሡ፣ የሒሳብ ሰዎች ግን የቆየውንም ይዘው እንደሚሠሩ ያሳያል። በ2013 ዳሹን ዋንግ፣ ቻኦሚንግ ሶንግና ባራባሺ የአንድ ጽሑፍ ዕድል በሦስት ነገሮች እንደሚወሰን አስረዱ። አንደኛው ጽሑፉ ለሙያው ሰዎች ያለው ተፈላጊነት፣ ሁለተኛው እስከዚያ ያገኘው ጥቅስ፣ ሦስተኛው እርጅና ነው። እርጅና ማንንም አይምርም። ብዙ የተጠቀሰውም ውሎ አድሮ ይቀዘቅዛል።

የሚረሱበት ምክንያት ግን አንድ አይደለም። አንዳንዱ የተሻለ ስለተገኘ ይተዋል። አንዳንዱ ስሕተት ሆኖ ስለተገኘ ይተዋል። አንዳንዱ ደግሞ በየዓመቱ በሚጎርፈው አዲስ ጽሑፍ ተሸፍኖ ይቀራል፤ ሰው የሚያነብበት ጊዜ እንደ ጽሑፉ ብዛት እጥፍ አይሆንምና። ከሁሉ የሚገርመው ግን በእውነቱ ብዛት የሚረሳው ነው። በ1953 ጄምስ ዋትሰንና ፍራንሲስ ክሪክ የዘር መልእክት የሚተላለፍበት ዲኤንኤ እንዴት እንደተሠራ ጽፈው ነበር። ዛሬ ስለ ዲኤንኤ የሚጽፍ ሰው ሁሉ እነሱን መጥቀስ አያሻውም፤ ነገሩ የትምህርት ቤት ዕውቀት ሆኗል። እንጀራ የምትጋግር ሴት ምጣድን መጀመሪያ ማን እንደሠራው አትናገርም። ባለሙያው ተረሳ እንጂ ሥራው በየቤቱ አለ።

ተኝተው ቆይተው የነቁ

ዝም የተባለ ሁሉ ሞቷል ማለትም አይደለም። ግሪጎር ሜንደል የተባለው መነኩሴ ዛሬ የቼክ ሪፑብሊክ በሆነችው አገር በብርኖ ከተማ አተር እየዘራ የወላጆች ጠባይ ወደ ልጆች እንዴት እንደሚተላለፍ አጠና። ጽሑፉ በ1866 ታተመ። ልብ ብሎ ያየው ሰው ጥቂት ነበር። ሜንደል በ1884 ዓለም የሥራውን ዋጋ ሳያውቅለት ሞተ። በ1900 ግን በተለያዩ አገሮች የነበሩ ተመራማሪዎች ወደዚያው ውጤት ደረሱ፤ የሜንደልም ጽሑፍ ከ34 ዓመት በኋላ ነቃ።

ሁለተኛው ታሪክ ሐይፋን ይነካል። በ1935 አልበርት አይንስታይን፣ ቦሪስ ፖዶልስኪና ናታን ሮዘን በአሜሪካ አራት ገጽ የምትሆን ጽሑፍ አሳተሙ። ጥያቄያቸው እጅግ ረቂቅ የሆኑ ነገሮችን የሚያጠናው የፊዚክስ ትምህርት የተሟላ ነው ወይስ የጎደለው አለ የሚል ነበር። በዚያው ዓመት ክርክር አስነሣች፤ ከዚያ በኋላ ግን ለብዙ ዓመታት የሚጠቅሳት ጥቂት ሰው ነበር። ሮዘን በ1953 ወደ እስራኤል መጥተው በሐይፋ ቴክኒዮን ማስተማር ጀመሩ። በ1964 ጆን ቤል የተባሉት ሊቅ ጥያቄውን በሙከራ ሊፈተን ወደሚችል ነገር ለወጡት። ከዚያ ወዲህ በተለይ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ያቺ አሮጌ ጽሑፍ እንደ አዲስ ትጠቀስ ጀመር። ሮዘን በ1995 በሐይፋ አረፉ። ከእሷ በተነሣው ጥያቄ ላይ ሙከራ ያደረጉ ሦስት ተመራማሪዎች በ2022 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ጽሑፏ ከታተመች 87 ዓመት ሆኗት ነበር።

ቁጥር ብቻውን አይመሰክርም

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ጥቅስ ሁሉ ምስጋና አይደለም። የሚቃወም ሰውም ይጠቅሳል። መዝገቡ ግን የወዳጁንም የተቃዋሚውንም ስም እኩል አንድ ብሎ ይቆጥራል።

የቴክኒዮኑ ፕሮፌሰር ዳን ሼክትማን በ1982 በአሜሪካ ሲሠሩ፣ አተሞች በዚያን ጊዜ ትምህርት አይቻልም በሚባል ሥርዓት ተደርድረው አዩ። ከጓደኞቻቸው ጋር በ1984 አሳተሙት። ሁለት ጊዜ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ሊነስ ፖሊንግ ሳይቀሩ ነገሩ ስሕተት ነው ብለው ጻፉባቸው። ሼክትማን ግን በ2011 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተሸለሙ። እዚህ ላይ ታላቁ ሰው የተቃወሙት ጽሑፍ እውነተኛው ነበር።

ሌላኛው ታሪክ በተቃራኒው ነው፤ ወላጆችንም በቀጥታ ይመለከታል። በ1998 አንድሩ ዌክፊልድ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ከሌሎች ጋር ሆኖ በ12 ሕፃናት ላይ ብቻ የተመሠረተ ጽሑፍ «ላንሴት» በተባለው ስመ ጥር የሕክምና መጽሔት ላይ አወጣ። ጽሑፉ የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የጀርመን ኩፍኝ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር የሚያያይዝ ነበር። ብዙ ወላጆች ፈርተው ልጆቻቸውን ሳያስከትቡ ቀሩ። ኋላ በብዙ ሕፃናት ላይ የተደረጉ ጥናቶች ክትባቱ ኦቲዝም እንደማያመጣ አረጋገጡ። መጽሔቱም በ2010 ጽሑፉን ሻረው፤ በዚያው ዓመት የሐኪሙ ስም ከእንግሊዝ ሐኪሞች መዝገብ ተሰረዘ። ይህ ጽሑፍ ግን ከአንድ ሺህ ጊዜ በላይ ተጠቅሷል። አብዛኞቹ የጠቀሱት ስሕተቱን ለማሳየት ነው። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ግን «ይህን ያህል ሰው የጠቀሰው እውነት ቢሆን ነው» ሊል ይችላል። በሰፈር ወሬና በስልክ መልእክት የሚዞረውም ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው የተሻረ ነገር ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንድ ሰው «ጥናት ያሳያል» ሲለን አራት ጥያቄ መጠየቅ እንችላለን። መቼ ተጠና? በስንት ሰው ላይ ተጠና? ከዚያ ወዲህ ሌሎች ሲሞክሩት ያንኑ አገኙ ወይስ ሌላ? ጽሑፉ እንደጸና ነው ወይስ ተሽሯል? ሐኪምን እንዲህ ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ በአክብሮት ከተጠየቀ ጥሩ ሐኪም በደስታ ያስረዳል። ዕብራይስጡ ገና የሚከብደን ከሆንን ጥያቄያችንን አስቀድመን በልጃችን ወይም በአስተርጓሚ አስጽፈን መሄድ እንችላለን። መልሱን እስክናገኝ ድረስ ግን በወሬ ብቻ ክትባት መተው ወይም መድኃኒት ማቋረጥ አይገባም።

ተማሪዎች ሆይ፤ ለጽሑፍ ሥራችሁ ምንጭ ስትፈልጉ መጀመሪያ የመጣላችሁን፣ ብዙ ጊዜ የተጠቀሰውን ብቻ ይዛችሁ አትሩጡ። ከጠቀሱት መካከል ሁለት ሦስቱን ከፍታችሁ ለምን እንደጠቀሱት አንብቡ። «ተሽሯል» የሚል ምልክት እንዳለበት እዩ። ጥቂት ሰው የጠቀሰውንም ፈጽማችሁ አትናቁ፤ አዲስ ስለሆነ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ገና አልነቃ ይሆናል። ያላነበባችሁትንም እንዳነበባችሁ አድርጋችሁ በዝርዝሩ ላይ አታስፍሩ።

ወላጆች ደግሞ «እኛ ፊደላቸውን ሳንለይ ልጆቻችንን በዚህ እንዴት እንረዳለን?» እንዳትሉ። ነገር ሲመጣላችሁ «ከማን ሰማኸው? እሱስ ከማን ሰማ? የሚቃወም አለ ወይ?» ብላችሁ ስትመረምሩ ኖራችኋል። ምስክር በብዛቱ ብቻ እንደማይታመን፣ አንድ እውነተኛ ሰው ከብዙ ተባባይ እንደሚበልጥ ታውቃላችሁ። ልጃችሁ የቤት ሥራውን ይዞ ሲቀመጥ ይህንኑ ጠይቁት። መልሱን ፍለጋ እሱ ወደ መጽሐፉ ይመለሳል።